መብራት ሲመጣ የምትሰበረው ሞለኪውል

ግንቦት 12፣ ሰኞ
ዛሬም መብራት ሄደ። ፈረቃ ነው አሉ። ፈረቃውን ግን ማንን ጠይቀው ነው በየቀኑ የሚቀያይሩት? የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆየ፤ መብራት ሄደ ማለት ስሌቱም ሄደ ማለት ነው። ረመዳን ነው፤ ጾመኛ አይሳደብም ይላል አባዬ። እሺ፣ በአፌ አልተሳደብኩም። እዚህ ደብተሬ ላይ ግን... የማይረቡ!

እማዬ ከሱቅ ስትገባ፣ "ለመሆኑ ምንድን ነው የምትማሪው?"
"ኤትሊን ሲሊከን ላይ አስቀምጬ በኮምፒውተር አሞቃለሁ።"
"ኤትሊን ደግሞ ምንድን ነው?"
"ሙዝ የሚያበስለው ጋዝ።"
"ሙዝማ ሱቅ ሞልቶልሽ!"
ሳልወድ ሳቅኩ።

ግንቦት 14፣ ረቡዕ
ከጊንጪ አምቦ ድረስ ተጋፍቼ ሄጄ የሰማሁት ይህን ነው፦ "ሳቢራ፣ ድገሚው።" ይህን ያለኝ የመመረቂያ ጽሑፌ አማካሪ ዶክተር ፈይሳ ነው። ከስሌቱ ያወጣኋቸውን ሥዕሎች ገልጦ እንኳ አላየም። እኔ፣ ኤትሊኗ ስትሞቅ ትሰበራለች፣ ካርቦኗም ሲሊከኑ ላይ ይቀራል እላለሁ። እሱ፣ ሳትሰበር ሙሉዋን ተነሥታ ትሄዳለች ይላል። ለምን? "መጽሐፉ ላይ እንደዚያ ነው።" እኔ እኮ ሦስት ጊዜ ስትሰበር በዓይኔ አይቻለሁ!

"እሺ ዶክተር" ብዬ ወጣሁ። እሺ ዶክተር!... ምላሴን ምን ያዘው?

ግንቦት 19፣ ሰኞ
የክፍሌ ልጅ ዱሬቲ እጄን ይዛ ጎተተችኝ። "ኮቱ፣ ነይ፣ አብረን እንግባ። ካላሳየሽው ምኑን ያያል?" ላፕቶፑን ዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ ከፈትነው። ስትሰበር አየ። አገጩን አከከ። "እንግዲህ... መከላከል ከቻልሽ ይሁን።"

አሸነፍኩ! የጽሑፉ ዲፌንስ ሰኔ ላይ ነው። ታዲያ ለምንድን ነው አሁንም ደሜ የሚፈላው?

ግንቦት 21፣ ረቡዕ
መብራት ሄዶ መጣ። ፍሪጁን ልሰካ ስል እማዬ ጮኸች፣ "ተይ! ትንሽ ይረጋጋ። ሲሄድ መች ያቃጥላል? ሲመጣ ነው!" ሁልጊዜ የምትለው ነው። ዛሬ ግን ሶኬቱን እንደያዝኩ ቀረሁ።

የእኔስ ስሌት? መብራት ሲመለስ ካቆመበት አስቀጥለዋለሁ። አቶሞቹ የነበሩበት ቦታ ተቀምጧል። ፍጥነታቸውስ? እንደ አዲስ ነው የምሰጣቸው፤ ያውም በመጨረሻው ሙቀት ልክ! ቀስ እያለች መሞቅ የነበረባት ባንዴ ስትሞቅ...

ሮጬ ከፈትኩት። የመጀመሪያዋ የተሰበረችው መብራት እንደተመለሰ ነው። ሁለተኛዋም። ሦስተኛዋም።

ወይ እኔ! ለዚህ ነው ከሰው ጋር ግብግብ የገጠምኩት?

ግንቦት 22፣ ሐሙስ
ለዱሬቲ ደውዬ ነገርኳት። "ማን ያውቃል? ዝም ብለሽ ተመረቂ።" እውነቷን ነው፣ ማንም አያውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ... አለማወቅ እንዴት ደስ ይል ነበር!

ግንቦት 26፣ ሰኞ
የቀየርኩት አንድ መስመር ነው፤ ፍጥነታቸውንም እንዲያስቀምጥ። መብራት ሄደ፣ መጣ። ደግሞ ሄደ፣ መጣ። ኤትሊኗ ሙሉዋን ተነሥታ ሄደች።

ዶክተሩ ትክክል ነበር። ይህን መጻፍ እንዴት ያቃጥላል! እሱ ሳያይ ትክክል ሆነ፣ እኔ አይቼ ተሳሳትኩ። ጨረቃ ከታየች ነገ ዒድ ነው።

ግንቦት 29፣ ሐሙስ
ስሕተቱ ከመብራቱ እንዴት እንደመጣ አንድ ምዕራፍ ጽፌ ወሰድኩለት፤ ነገርኩት። "አላልኩሽም?" አለ። የጠበቅሁት ነው፣ ዋጥኩት። ርዕሱን ቀይሪ አለኝ፤ እሺ። ቀጥሎ፣ "ይሄን የመብራቱን ምዕራፍ አውጪው። ያሳፍራል።"

"አይወጣም።"

ቀና ብሎ አየኝ። እኔም ራሴን የሰማሁት ያኔ ነው።

"ነገ ሌላ ተማሪ ጊንጪ ቁጭ ብላ ይህንኑ ትሠራለች። እርስዎም መጽሐፉ ላይ የለም ብለው ይመልሷታል። ለምን እንደተሰበረች እርስዎ አያውቁም ነበር፣ ዶክተር። ያወቅሁት እኔ ነኝ።"

ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበና መነጽሩን አደረገ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ማንበብ ያዘ።

አሁን ቤት ነኝ። ጾሙ አልቋል፣ መሳደብ እችል ነበር። የምጽፈው ስድብ ግን አጣሁ። ሁሉንም እዚያው ተናግሬው መጥቻለሁ።