የጋሽ እሳቱ እቶን የተቃጠለ ቤት አልነበረም

ጋሽ እሳቱ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1945 ዓ.ም. ከወንዙ ማዶ በሚገኘው ሰፈር ተወለዱ። እናታቸው፣ “ለቤቱ አራተኛ፣ ለጠብ አንደኛ” ይሏቸው ነበር። እሳቱ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡላቸውም እናታቸው ናቸው፤ ስሙ ቢያንሳቸው እንጂ አልበዛባቸውም።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። ከዚያ በላይ ያልገፉት አእምሮ አንሷቸው አይደለም። ያለ ጥፋታቸው ተመትተው መምህሩን ይቅርታ ጠይቅ ቢባሉ፣ “እሱ ይጠይቀኝ” ብለው ስለወጡ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ጡብ ሠሪ ዘንድ ተቀጥረው ጭቃ መርገጥ፣ ቅርጽ ማውጣትና ጡቡን በእሳት መተኮስ ተማሩ። በ1973 ዓ.ም. ከአባታቸው በወረሱት መሬት ላይ የራሳቸውን የጡብ መተኮሻ እቶን ገነቡ። በዚያው ዓመት ከውድ ባለቤታቸው ጋር ተጋብተው ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጆች አፈሩ። ልጆቹን ያበላው፣ ያስተማረውና የዳረው ያ እቶን ነው። የሰፈሩ ትምህርት ቤትም፣ ክሊኒኩም፣ የመሬት ጽሕፈት ቤቱም ሳይቀር የተሠሩት ከዚያ በወጣ ጡብ ነው።

ከጊዜ በኋላ መንግሥት መሬቱን ለመንገድ ፈለገው። ጋሽ እሳቱ መንገዱን አልተቃወሙም። ይህ በደንብ ይሰማ፤ “ልማት እንቢ አሉ” እየተባለ ብዙ ታምተዋል። ለመሆኑ መንገድ ከሌለ ጡብ በምን ይጫናል? እሳቸው ያሉት፣ “የምትወስዱብኝን በስሙ ጥሩና ገምቱልኝ” ብቻ ነው። የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ገማች ኮሚቴ መጥቶ እቶኑን በሜትር ለካና፣ “ጣሪያና መስኮት የሌለው፣ ግድግዳው የጠቆረ፣ የተቃጠለ ቤት” ብሎ መዘገበው። ለተቃጠለ ቤት ደግሞ ካሳ አይከፈልም። ወይ ጉድ! በዚያን ዕለት እኮ እቶኑ ውስጥ ጡብ እየተተኮሰ ነበር። ክቡር የኮሚቴው ሰብሳቢ ጭሱ አስለቅሷቸው ዓይናቸውን በመሐረብ ሲጠርጉ ሰፈሩ ሁሉ አይቷል።

ከዚያ ወዲያ ዕድሜያቸው ደጅ ሲጠኑ አለቀ። ጽሕፈት ቤቱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሰብሳቢው ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ምን እንደሚሰበስቡ ፈጣሪ ይወቅ። ጋሽ እሳቱም ኮሪደሩ ላይ ቆመው ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ፣ “የተደገፋችሁት ከዚያ ከተቃጠለው ቤት የወጣ ነው” ይሉ ነበር። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። በመጨረሻ ፍርድ ቤት፣ ግምቱ እንደገና ይሠራ ብሎ ወሰነ። ሰብሳቢው ግን እቶኑ በዶዘር ፈርሷል፣ በዓይን ያልታየ ንብረት አይገመትም ብለው መለሱ። ያፈረሰው ማን ሆነና! ሐፍረት የሚባል ነገር እነሱ ቢሮ አልደረሰም። ጋሽ እሳቱም ተመልሰው ፍርድ ቤት ገቡ።

ጋሽ እሳቱ በሳንባ ሕመም ሲሰቃዩ ቆይተው ሐሙስ ጥር 16 ቀን 2016 ዓ.ም. በ71 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሐኪሙ የገደላቸው ጭሱ ነው ብሏል። ባለቤታቸው ግን፣ “ጭሱንማ አርባ ዓመት ችለውታል፤ የገደላቸው ኮሪደሩ ነው” ይላሉ፤ ቤተሰቡም በዚሁ ይስማማል።

ጋሽ እሳቱ የሦስት ልጆች አባትና የአምስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ልጆቻቸው ቁጣቸውን ሳይካፈሉት እያንዳንዳቸው ሙሉውን ወርሰዋል። ሰብሳቢው በቀብሩ ላይ እንደሚገኙ አስነግረዋል። መጥተው መሐረባቸውን ቢያወጡ፣ ዛሬ ጭስ እንደሌለ እንዲያውቁት ይሁን። የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ሰኞ ነው። በሟች ቦታ ባለቤታቸው ይቆማሉ።

ፈጣሪ የጋሽ እሳቱን ነፍስ ሜትር በማይዘረጋበት፣ “ተነሱ” የሚል በሌለበት ቦታ ያሳርፍልን። ሰብሳቢውንም እስከ ሰኞ በጤና ያቆይልን።