የአቶ መሸሻ «ደህና ነኝ»

ለጎሕ የስደተኞች ድጋፍ ድርጅት ዋና ዳይሬክተር
ካምፓላ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደምን ነው? ቤተሰብዎስ? የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣስ? ባለፈው ሳምንት ተበላሽቶ በማግሥቱ መጠገኑን ሰምቻለሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎት። እኔ አለምዘውድ እባላለሁ፤ ከኢትዮጵያ ተሰድጄ እዚሁ ካምፓላ፣ ካባላጋላ ሰፈር የምኖር፣ ለድርጅትዎ አራት ዓመት በነጻ ያስተረጎምኩ ሴት ነኝ። ስለዚሁ የምስክር ወረቀት ሰጥተውኛል፤ ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ አንድ ቀዳዳ ይሸፍንልኛል።

ድርጅትዎ ቁጥር ስለሚወድ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ባለፈው ዓመት ሙንዮንዮ፣ ሐይቅ ዳር ካለው ሆቴል እኛን አስተርጓሚዎቹን ሰብስበው፣ ከተማ ያሉ ሕሙማን ከካምፓላ ውጭ ወዳለው የስደተኞች ሰፈራ ጣቢያ ቢዛወሩ መድኃኒታቸው በየወሩ ሳይቋረጥ እንደሚሰጣቸው፣ ይህንንም በእርስዎ ስም እንድንነግራቸው ስላዘዙን አመሰግናለሁ። ዓሣውም ጥሩ ነበር። ቃልዎን ይዤ ኪኩቦ ገበያ ሄድኩና፣ እዚያ በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና የፍራሽ ልብስ እየሰፉ ለሚኖሩትና የስኳር ሕመም ላለባቸው ለጎረቤቴ ለአቶ መሸሻ ነገርኳቸው። ሰውዬው መሄድ አልፈለጉም ነበር፤ ሦስት ቀን ሙሉ ለመንኳቸው። በመጨረሻ «እንግዲህ አንቺ ካልሽ» ብለው ደንበኞቻቸውን ተሰናበቱና የስፌት መኪናቸውን ጭነው ሄዱ።

፪. ለስድስት ወር መድኃኒቱ እንደተባለው መጣ፤ ይህን ሳላነሳ ባልፍ ነውር ነው። ከዚያ የሕሙማኑን ዝርዝር የሚያጣራ ቡድን ሲልኩ እኔንም ለማስተርጎም ስላስከተሉኝ አመሰግናለሁ። አጣሪዋ ወጣት ፎርሟን ዘርግታ አቶ መሸሻን እንዴት እንደሆኑ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ ደህና ነዎት?» አሏት። እኛ ዘንድ፣ ክቡር ሆይ፣ ሰው ነፍሱ ልትወጣ ቢሆን እንኳ መጀመሪያ ደህና ነኝ ይላል፤ ሕመሙን የሚናገረው ሁለተኛ ሲጠየቅ ነው። ሁለተኛ የጠየቃቸው የለም። ወጣቷ የተረጎምኩላትን ሰምታ «ጤነኛ፣ ራሱን የቻለ» ብላ ጻፈችና ቀጣዩን ጠራች። ይህ ሰላምታ ነው፣ ሕመማቸውን ጠይቂያቸው ብላት፣ አስተርጓሚ ከተባለው በላይ አንዲት ቃል እንዳይጨምር የሚያዘውን፣ እኔው ራሴ የፈረምኩበትን ደንብ አሳየችኝ። ዝም አልኩ። ለዚያ ዝምታ ራሴን በየቀኑ ስለምሰድብ እርስዎ አይቸገሩ።

፫. በቀጣዩ ወር መድኃኒቱ ቆመ። ፖሾው ግን አልቆመም፤ የስኳር ሕመምተኛ ጠዋትም ማታም የበቆሎ ገንፎ ሲበላ ምን እንደሚሆን ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል።

፬. ስሕተቱ እንዲታረም አምስት ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ለአምስቱም አንድ መልስ በመስጠት ጊዜዬን ስለቆጠቡልኝ አመሰግናለሁ። መልሱ ባለጉዳዩ ራሳቸው ካምፓላ ይቅረቡ የሚል ነው። ከጣቢያው ለሕክምና ለመውጣት ዝርዝሩ ላይ መገኘት ያስፈልጋል፤ ዝርዝሩ ላይ ለመግባት ካምፓላ መቅረብ ያስፈልጋል። ይህን ያሰበው ሰው በእርግጥ ብዙ ተምሯል። እስከዚያው የአቶ መሸሻ የቀኝ እግር ሁለት ጣቶች ተቆርጠዋል፤ መኪናቸውን የሚረግጡበት እግር ነው። እስከዚህ ወር መጨረሻ ካምፓላ ሆስፒታል ካልተላኩ እግራቸው እንደሚቆረጥ የጣቢያው ሐኪም ነግሯቸዋል።

ክቡር ሆይ፣ ከድተውኛል። ከዚህ የተሻለ ትሕትና ያለው ቃል ፈልጌ አጣሁ። ኪኩቦ ያሉ ወገኖቼ ዛሬም ሰላም ይሉኛል፤ ስለ ቢሮ ጉዳይ ግን አንድም ሰው አይጠይቀኝም። የምለምንዎ አንዲት መስመር ነው፤ «ጤነኛ» የሚለው ይሰረዝና «የስኳር ሕመምተኛ» ተብሎ ይጻፍ። ከምስክር ወረቀቱ ጋር የሸለሙኝን እስክሪብቶ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ፤ ሞክሬዋለሁ፣ ይጽፋል።

ትናንት ደውዬ «ጋሽ መሸሻ፣ እንዴት ነዎት?» አልኳቸው። «ደህና ነኝ አለሜ፣ ተመስገን። ያቺ ስማችንን የምትጽፈው ልጅስ ደህና ናት?» አሉኝ። ሁለተኛ ጠየቅኳቸው። አለቀሱ።

ቃልዎን በታማኝነት ወደ አማርኛ መልሼ ሰው የሸኘሁ፣ ለሰጡኝ አመኔታ ዕድሜ ልኬን ባለዕዳ የሆንኩ፣ እጅ ነሥቼ የምሰናበትዎ የቀድሞ አስተርጓሚዎ፣

አለምዘውድ

ማሳሰቢያ፦ መጀመሪያ ላይ ጤናዎን የጠየቅሁት እንደ ወጋችን ነው። እባክዎ «ደህና ነኝ» ብለው እንዳይመልሱልኝ። ከዚያ ፎርም አንድ ባዶ ቅጂ እኔም ዘንድ አለ፤ እንዳሉት እጽፈዋለሁ፣ ሁለተኛም አልጠይቅዎትም።