ጉሉማ ሰፈር እንደምን ተቆረቆረ

ነቀምቴ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለምናፍቅህ የጡት ወንድሜ፤

አካም ጅርታ? ነጋአ? የቦረና ሙቀት፣ የወባው ወሬ፣ የተማሪዎችህ ጫጫታ እንደምን አድርጎሃል? አገሩ ሩቅ ነውና ሰላምታዬ እስኪደርስህ ድረስ አሮጌ እንዳይሆን ብዬ፣ ለዛሬም ለምታነብባትም ቀን ጤና ይስጥህ እልሃለሁ። እኔ፣ ባለቤቴ ሸዋጌጥና ሕፃኗ ልጃችን በፈጣሪ ቸርነት አለን። እናታችን አዴ ድርቤም ከኛ ዘንድ ናቸው። ስንለምናቸው እህል ይቀምሳሉ።

ባለፈው ደብዳቤህ «አባቴ እንዴት ነው? ድምፁ ጠፋብኝ፤ የሚልከው ደብዳቤ ሁሉ አንተን አንተን ይላል» ብለህ ጽፈህልኛል። አባታችንን ትናንት በቀትር አይቻቸዋለሁ። ከባለሱቁ ከተረፈ ጓሮ፣ በሁለት አጥር መካከል ባለችው ቀጭን መተላለፊያ ቆመው ነበር። ጋቢያቸውን እንደ ጥንቱ በአንድ ትከሻቸው ጥለው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ መሬት መሬት ያያሉ። ጠራኋቸው፤ አልዞሩም። አሁን አሁን ሲጠሯቸው አይዞሩም።

ደብዳቤዎቹን በተመለከተ የጠረጠርከው እውነት ነው። አባታችን ፊደል ስለማይቆጥሩ እሳቸው እየነገሩኝ እኔ እጽፍልህ ነበር። ከአራት ዓመት ወዲህ ግን አንድም ቃል አልነገሩኝም። «ጤፉ አምሮአል»፣ «ቡሬ በሬያችን ታሞ ዳነ»፣ «መንገዱ ክፉ ነውና ዘንድሮ አትምጣ» እያልኩ የጻፍኩልህ እኔ ነኝ። ጤፍ የለም። ቡሬም ከተሸጠ ቆይቷል። የምታውቀው እርሻ የለም፣ ወንድሜ።

ከአውቶቡስ ወርደህ ወደ ሲሬ መውጫ ያለውን ዳገት ብትመለከት ስልሳ ሦስት የቆርቆሮ ቤት ታያለህ። የላይኛው ማሳ፣ ኑግ የሚዘራበት፣ የአስተማሪዎችና የድሬሰሮች መኖሪያ ሆኗል። ከብት የምናውልበት ጨፌ ደርቆ ወፍጮ ቤት ተተክሎበታል። እኔና አንተ ጦጣ ስንጠብቅ የምንወጣባት ማማ የነበረችበት ላይ ተረፈ ሱቅ ከፍቶ ጋዝና ጨው ይሸጣል። ባሕር ዛፉ ከጣራው በላይ ሆኗል። በወረቀት ላይ ስሙ አዲስ ሰፈር ነው። ሰው ግን ጉሉማ ሰፈር ይለዋል። ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከጊዳ የመጣው ሁሉ «ጉሉማ ሰፈር ነው ቤቴ» ይላል እንጂ ጉሉማ የአባታችን ስም መሆኑን አያውቅም።

እንዴት እንደ ሆነ ሳላሳጥር ልንገርህ።

በ1959 ዓ.ም. መንገዱ ተስተካክሎ አውቶቡስ በየቀኑ መመላለስ ሲጀምር፣ የከተማው ዳር መሬት ሁሉ ዓይን ውስጥ ገባ። እኔ ጸሐፊ ሆኜ አገለግላቸው የነበሩት ፊታውራሪ መሸሻ፣ የአባታችን እርሻ ድሮ በአባታቸው ስም የተጻፈ ነው የሚል ወረቀት አወጡ። ቦታውን ሸንሽነው ለቤት መሥሪያ ሊሸጡት ነው። ሆኖም ገበሬው አልለቅም ካለ ነገሩ ከዳኛ ፊት ይቀርባል፤ ወድጄ እለቃለሁ ካለ ግን በዚያው ያልቃል። ስለዚህ አንድ አጣሪ ሹም መጥቶ በሽማግሌዎች ፊት ቃላቸውን እንዲቀበል ተቆረጠ።

ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ፊታውራሪ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይዘውኝ ወደ እርሻው ወጡ። አዲስ ሙሽራ እንደ ነበርኩ፣ በሰው ጓዳ ተከራይቼ እንደምኖር ያውቃሉ። «ሰው ሆነህ ቤት ሳይኖርህ!» አሉኝና በከዘራቸው ዙሪያውን እያሳዩ፣ ነገሩ በሰላም ካለቀ የፈለግሁትን ጥግ እንድመርጥ ነገሩኝ። ሌላ ምንም አላሉኝም። ማለትም አላስፈለጋቸውም።

የመረጥኩት የዋንዛውን ጥግ ነው። ከዋንዛው ሥር ማን እንደ ተኛ ታውቃለህ። ሁለቱን ታላላቆችህን አላስታውሳቸውም፤ ታናሽ እህታችንን ግን በኩፍኝ ዓመት ቃሬዛዋን አንተ ከፊት እኔ ከኋላ ይዘን እዚያ አድርሰናታል። ሌላ ሰው መሠረት ብሎ እንዳይቆፍርባቸው ነው የመረጥኩት ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቴን ይሁን ውሸቴን እስከ ዛሬ አላውቀውም።

በቀጠሮው ቀን አጣሪው አስተርጓሚ ይዞ መጥቶ ነበር። አባታችን ግን እንቢ አሉ። «ልጄ እያለ ባዳ ስለ ምን ይናገርልኛል? የሚስቴን ጡት የጠባ ነው፤ እሱ ያስተርጉምልኝ» ብለው ወደኔ አመለከቱ። ሽማግሌዎቹም ደግ ነው አሉ፤ በእውነት እንዳስተረጉምም አስማሉኝ።

ከዚያ ቆመው በኦሮምኛ ረጅም ተናገሩ። ማሳውን ማን እንደ መነጠረው፣ ከማን ለማን እንደ ተላለፈ፣ ወሰኑ ከየትኛው ድንጋይ እስከ የትኛው ምንጭ እንደሚደርስ ሰባት ትውልድ ቆጠሩ። ሦስት ልጆቻቸው እዚያ እንዳሉ፣ በሕይወት ያለውም አንድ ልጃቸው ከሩቅ አገር ሲመለስ የሚገባበት ሌላ ደጅ እንደሌለው ተናገሩ። በመጨረሻ «ብትገድሉኝ እወድቅበታለሁ እንጂ አለቅም» ብለው ተቀመጡ።

አጣሪው «ምን አሉ?» ሲል ጠየቀኝ።

«ሌላ ቦታ ከተፈለገልኝ ወድጄ እለቃለሁ ይላሉ» አልኩት።

ይኸው ነው። ጻፈው። አባታችንም ጣታቸውን ከማሳረፋቸው በፊት ወረቀቱን ሳይሆን ፊቴን አይተው «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እንዳልኩት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እንዳሉት ነው አልኳቸው። ፈረሙ።

በሚያዝያ ጎጆው ፈረሰ። አባትና እናታችን ወደ አጎትህ ወደ ኦቦ ኩማ፣ ወደ ሲሬ ሄዱ። ላንተ እንዳይነገር የለመኑኝ እናታችን ናቸው፤ ያን ጊዜ ገና ተማሪ ነበርክና ትምህርቱን ጥሎ ይመጣል ብለው ፈሩ። እኔም ልመናቸውን መጠለያ አደረግኩት።

ሰፈሩ ፈጥኖ በቀለ። ግን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አንድ ነገር አለበት። ማንም ሳይዘራው፣ መስከረም ሲጠባ በየመተላለፊያው፣ በየደጃፉ ድንጋይ መካከል ኑግ ያብባል፤ ነቅለው ቢጥሉትም በዓመቱ ይመለሳል። በድሮው ትልም ላይ የቆመ አጥር ቀጥ ብሎ አይከርምም። ቀትር ላይ፣ ወንዱ ሥራ ውሎ ሰፈሩ ጭር ሲል፣ ሴቶቹ በሬ የሚነዳ ሰው ድምፅ እንሰማለን ይላሉ። ሸዋጌጥ ጎጃሜ ናት፣ ያገሩን ቋንቋ አታውቅም፤ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ «ቡሬ ማለት ምን ማለት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። የበሬ ስም ነው ማለት አቃተኝ።

ኑጉስ ምሥጢሩ ታወቀ። አባታችን በየዓመቱ በዘር ወቅት ከሲሬ በእግራቸው እየመጡ፣ ዘር በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው፣ በቤቶቹ መካከል እየዞሩ ይበትኑ ነበር። የሰፈሩ ሰው እብድ ናቸው አለ። ተረፈ አንድ ጊዜ ውሻ ለቀቀባቸው። እኔ በመስኮት አየሁ። አልወጣሁም።

በኅዳር 20 ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ደጄን አንኳኩ። ግቡ ብላቸው አልገባም አሉ። ከስተዋል፤ እግራቸው አብጧል። ሰላምታ ሰጡኝ፤ ልጄን ሳሟት። ከዚያ በአፋችን እንዲህ አሉኝ፦

«በዚያ ቀን እኔ የተናገርኩት ረጅም ነበር። አንተ የተናገርከው አጭር ነበር። አማርኛ ስለማላውቅ ቋንቋው አጭር ይሆናል አልኩ። አሁን ሲሬ ገበያ ተቀምጬ አራት ዓመት ሰማሁት። አጭር አይደለም። የቀረው የት ሄደ?»

ወንድሜ፣ መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር። በራፉ ላይ ተንበርክኬ የሸሸግኩትን ሁሉ፣ የእሑዱን ነገር፣ የዋንዛውን ጥግ፣ ላንተ የጻፍኳቸውን ደብዳቤዎች ሁሉ ነገርኳቸው። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ። ራሴ ላይ እጃቸውን አሳርፈው፦

«እንግዲህ ረጅሙን ታውቀዋለህ። እኔ ያልኩትን ለዳኛ ንገረው፤ ለልጄም ጻፍለት» አሉኝ።

ውሃ ለመኑኝ፤ ጠጡ። ከዚያ ልጆቻቸው ዘንድ ጥቂት እንደሚያርፉ ነግረውኝ ወደ ዋንዛው ሄዱና ግንዱን ተደግፈው ተቀመጡ። በስድስት ሰዓት ሸዋጌጥ ምሳ ይዛላቸው ወጣች። ሳህኑን እንዳለ መልሳ አመጣችው። «ደክሟቸዋል መሰል፣ እንቅልፍ ወስዷቸዋል» አለችኝ። ፊቷን አይቼ ወጣሁ።

የቀረውን በአካል ስትመጣ እነግርሃለሁ። ተረፈ ሦስት ቀን ሙሉ ሱቁን ዘግቶ እኛ ደጅ ተቀምጦ እንደ ሰነበተ፣ ያ ሁሉ የሰፈር ሰው ስሙ የማን እንደ ሆነ ያን ዕለት እንዳወቀ ብቻ ላስታውቅህ።

በሳምንቱ ዳኛ ፊት ቀርቤ የዚያን ቀን ቃላቸውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስመዘገብኩ። መሐላ አፍርሼ በሐሰት እንዳስተረጎምኩም ፈረምኩ። ፊታውራሪ በዚያው ቀን ከሥራ አባረሩኝ። አሁን ከገበያው አጠገብ ጃንጥላ ዘርግቼ ለባላገር ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ የሚሉኝን ሳላሳጥር። ነገሩ ለየካቲት 3 ቀን ተቀጥሯል። ስልሳ ሦስቱ ቤት ይነሣል ብዬ አልዋሽህም፤ የእኔ ቤትና ገና ያልተሸጠው የታችኛው ማሳ ግን ሊመለስ ይችላል ይላሉ የሚያውቁ ሰዎች። ዳኛው ወራሹ ራሱ ይቅረብ ብሏል። ሸዋጌጥ ከአሁኑ ዕቃዋን መሸከፍ ጀምራለች። አንድም ቀን አላማረረችብኝም።

ስለዚህ ደብዳቤው እንደ ደረሰህ ፈቃድ ጠይቀህ ተነሣ። አገሩ በርዷልና ጥቁሩን ኮትህን ለብሰህ ና። ነቀምቴ ድረስ ቀጥ ብለህ እንዳትመጣ፤ ሲሬ ውረድ። ኦቦ ኩማና የእናንተው ቄስ ከአውቶቡሱ ማቆሚያ ይጠብቁሃል። ከእነሱ ዘንድ አድረህ በማለዳ አብራችሁ ትመጣላችሁ። በመንገድ የሚያውቅህ ሰው ቢያገኝህና እጅህን ይዞ ሊያለቅስ ቢጀምር፣ ምንም አትጠይቀው፤ እለፈው።

እኔን ልትመታኝ ብትፈልግ እጄን አላነሣም። ብቻ እናታችን እንዳያዩ።

የምትመጣበትን መንገድ አምላክ ይጠብቀው፤ ወንዙን ጎዶሎ፣ ጎማውን ጽኑ ያድርግልህ። ጉልበትህን ያበርታው፤ በዚህ ሳምንት ብዙ ያስፈልግሃልና። ነጋአን ኮቱ፤ በሰላም ና።

ወንድሜ ብለህ ብትጠራኝም ባትጠራኝም፣

የእናትህን ጡት የጠባሁ ወንድምህ