አያቴን “ሞተዋል” ላሏት ሹም

ለተከበሩ የመታወቂያ ጽሕፈት ቤት ሹም፣ ለአባታችን ለአቶ ንጎሳ፤

ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ ወንበርዎ እንዴት ነው? ኮምፒውተርዎስ ደህና አደረ? እኔ ቻንሳ ነኝ፣ መታወቂያ ልጠይቅ መጥቼ “የኮንጎ ሰው ነሽ” ብለው የመለሱኝ፣ ሐሙስ በጀልባ ወንዙን አሻግረው ወደዚያ የሚያባርሩኝ። ትምህርቴ ትንሽ ነው፤ ይህን ደብዳቤ ዓሣ ገበያው ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ደፍሬ ሳይሆን ቢሮዎ መግባት ስለፈራሁ ነው።

አንደኛ፣ አመሰግናለሁ። የእናቴን እናት፣ አያቴን ሙሶንዳን፣ የዚህ አገር ልጅ መሆኔን እንድትመሰክርልኝ በብስክሌት ጭኜ ባመጣኋት ቀን ፊቷን ሳያዩ ኮምፒውተሩን አይተው “እማማ፣ እርስዎ እኮ ልጅዎ ሳትወለድ ሞተዋል፤ የሞተ አይወልድም” አሏት። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። እሷም “እሺ ልጄ፣ ታዲያ ማን ቀበረኝ?” ብትልዎ ዘበኛ ጠሩባት። ከዚያ ወዲህ የንሺማ ገንፎ ሳቀርብላት “ለሙት ምን ያደርጋል” ብላ ትገፋዋለች።

ሁለተኛ፣ የሞተችው የአያቴ አክስት ናት። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ዘመድ ስሙን እንደሚወርስ እዚሁ ላደጉት ለእርስዎ ማስረዳት ያሳፍረኛል። ቤተ ክርስቲያኑ ሚሽን ድረስ በእግሬ ሄጄ ዋናውን የቀብር መዝገብ አስወጣሁ፤ ጠርዙን ምስጥ በልቶታል፣ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ሙሶንዳ ተቀበረች ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ፣ ስሟን የእህቷ ልጅ ቺሉፍያ ወረሰች ይላል። ቺሉፍያ አያቴ ናት። ወደ ኮምፒውተር የገለበጡት የላይኛውን መስመር ወስደው የታችኛውን ትተውታል። ይህን ብነግርዎ “ኮምፒውተር ላይ የሌለ፣ የለም” አሉኝ። እንግዲያው እኔም የለሁም፤ የሌለ ሰው ለማባረር ፖሊስ ምን ያደክማሉ?

ሦስተኛ፣ ማዶ ማንንም አላውቅም። ሴት ልጅ ብቻዋን እዚያ ስትወርድ ምን እንደሚደርስባት፣ ሴቶች ልጆች አሉዎትና ለእርስዎ አልነግርም። አያቴንስ ማን ያጎርሳታል? ቄሱ መዝገቡን ከሚሽኑ አያስወጡም፣ የመንግሥት መኪናዎ ግን ባለቤትዎን ገበያ ሲያደርስ በሚሽኑ በር ላይ ያልፋል። እባክዎ፣ ከሐሙስ በፊት አንድ ቀን እዚያ ይቁምልኝና መዝገቡን በዓይንዎ ይዩት።

ወንበርዎን ቀና ብላ ስታይ አንገቷ የዛለ፣ እስከ ሐሙስ ድረስ ታዛዥዎ፣
ቻንሳ

ማስታወሻ፦ ንጎሳ የአጎትዎ ስም እንደነበር፣ ጀልባ ተገልብጦባቸው ሲሞቱ እርስዎ እንደወረሱት ሽማግሌዎቹ ነገሩኝ። ለእርስዎ ደንግጬ ነው የምጽፈው፤ አለቆችዎ ሳይቀድሙዎት ስምዎን ኮምፒውተሩ ላይ ይፈልጉት፣ ለሬሳ ደመወዝ ስንከፍል ኖርን ብለው እንዳይደነግጡ።