ጠረጴዛ የምታጥበው ልጄ

ጥቅምት 6
ፀጉር ቤቱ ዛሬ ሞቅ ብሎ ዋለ። አጠብኩ፣ ቀለም ቀባሁ፣ አወራሁ። ልጄን ሚጡን ከትምህርት ቤት አመጣኋት። "ዛሬስ ምን ሠራሽ?" "ጠረጴዛ አጠብኩ።" ትናንትም ጠረጴዛ! በአዲሱ ትምህርት ቤት ልጁ ራሱ ነው ሥራውን የሚመርጠው፣ በራሱ ፍጥነት ነው የሚሄደው ብለውኝ እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሥራ ጠረጴዛ መረጠችልኝ። ለደንበኞቼ እያወራሁ ስቄ ሞትኩ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ፈራሁ። ስምንት ዓመቷ ነው... አንድ ቃል እንኳ አታነብም።

ጥቅምት 9
እትዬ፣ ታላቅ እህቴ፣ መጣች። እግሯ ሳይገባ ምላሷ ገባ። "ቤትሽ ጠረጴዛ ጠፍቶ ነው ትምህርት ቤት የምታሳጥቢያት?" ከዚያ ጋዜጣ ሚጡ ፊት ዘረጋች። "በይ እስቲ፣ ይቺን!" የልጄ ከንፈር ነጣ። ቃሉን ቀድሜ አልኩላት። ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ፤ እሷ አፏን ሳትከፍት እኔ እከፍታለሁ።
"የድሮው ትምህርት ቤት ቦታዋን እስከ ወሩ መጨረሻ ይይዝላታል፣ አነጋግሬያለሁ። ካላነበበች ትመለሳለች" አለች እትዬ። እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልኩ?

ጥቅምት 10
የድሮው ትምህርት ቤት... ጠዋት ጠዋት ሆዷን ይዛ አልጋ ስር ትገባ ነበር። "እማ፣ ነገ እሄዳለሁ፣ ዛሬ ብቻ።" ከክፍሉ መጨረሻ ወጣሽ ብለው አስቁመው አሳቁባት። ወደዚያ ልመልሳት? ባልመልሳትስ፣ ሳታነብ ብታድግስ? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል...

ጥቅምት 16
አዲሱ ትምህርት ቤት ሄጄ አየኋት። "ይምጡ፤ ግን አይናገሩ" አለችኝ አስተማሪዋ። እኔን! የልጅ ወንበር ላይ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው። ሚጡ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች አጠበች፣ መስመር ሳትዘል። ከዚያ ከሻካራ ወረቀት የተቆረጡ ፊደሎች አወጣች። በጣቷ እየተከተለች ድምፃቸውን ታንሾካሹካለች። አንዱን ተሳሳተች። ልነሳ ስል አስተማሪዋ በዓይኗ አስቀመጠችኝ። ሚጡ በጣቷ ተመለሰችበት፣ ራሷ አቀናችው።
"እጇም ዓይኗም ለንባብ እየተለማመዱ ነው" አለችኝ አስተማሪዋ ስወጣ። "ሳትጠይቅዎት አይርዷት።"
"ባትጠይቀኝስ?"
"አላስፈለጋትም ማለት ነዋ።"
ደስ ብሎኝ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን ፍርሃቱ ደረሰብኝ።

ጥቅምት 22
አላነበበችም።

ጥቅምት 28
አሁንም። የድሮው ዩኒፎርም አጥሯታል፣ ጠርዙን ፈትቼ አስረዘምኩት። መርፌው ስንቴ ወጋኝ! ሚጡ ዩኒፎርሙን አየችው። ሆዷን ያዘች።

ጥቅምት 30
ጠዋት ፀጉር ቤቱን ከፈትኩ። ሰው ዝር አላለም። እትዬ በጓሮ በር ገብታ ዩኒፎርሙን አነሳች። "ደንበኞችሽም ሸሹሽ?"
ሚጡ ዛሬ ትምህርት የላትም፤ ደጅ ሆና የመስታወቱን በር ታጥባለች፣ ማንም ሳያዛት። ከግራ ወደ ቀኝ። በሩ ላይ የሰቀልኩት ሰሌዳ ጋ ስትደርስ ቆመች። ጣቷን በመስታወቱ ላይ ሳበች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ብድግ አልኩ... አይ። ተቀመጥኩ፣ እጆቼን ጭኔ ስር ከተትኩ። እትዬ "ምን ትገተሪያለሽ?" ብላ ልትጣራ ስትል፣ "እትዬ፣ ዝም በይ!" አልኳት። እትዬን! ሚጡ ራሷን ነቀነቀች፣ ተመለሰች፣ በጣቷ ደገመችው። ከዚያ እስከ ክርኗ አረፋ ሆና በሩን በርግዳ ገባች።
"እማ! 'ዝግ ነው' ይላል እኮ! ለምን ዝግ ነው ይላል?"
ገልብጬ ሰቅዬው ነው ለካ! ጠዋቱን ሙሉ ሰው መልሻለሁ። ሳቅኩ፣ አለቀስኩ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ። እትዬ ዩኒፎርሙን ወንበር ላይ ጣል አደረገች። "ጋዜጣ ግን አይደለም።"
"አይደለማ" አልኳት።
ሚጡ ሰሌዳውን ከበሩ አውርዳ ገለበጠችና የዚያኛውን ፊት ማንበብ ጀመረች። "ክ... ክፍ..." ደንበኛ በሩ ላይ ደረሰች። ቃሉ ጥርሴ ድረስ መጣ። ዋጥኩት። በእጄ "ቆይ" አልኳት ለሴትዮዋ፣ ልጄ እስክትጨርስ ደጅ ቆማ ጠበቀች።