አያቶች ዝም እንዲሉ ላዘዙት ርእሰ መምህር

ለተከበሩ የሕፃናት ትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር፤

ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ደም ግፊትዎ፣ ስኳርዎ፣ ወገብዎ ሁሉ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ የታብሌትዎም ባትሪ እንዲሁ። እኔ በትምህርት ቤትዎ የምትማር የአምስት ዓመት ልጅ አያት፣ ጡረታ የወጣሁ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እናቷ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ስትውል፣ ልጅቱን ከትምህርት ቤት አምጥቼ እስከ ማታ የምጠብቃት እኔ ነኝ። የምጽፍልዎት በልጅቱ ፊት እንዳልናገር ስለከለከሉኝ ነው፤ ደብዳቤ ደግሞ ድምፅ ስለሌለው ትእዛዝ የጣስኩ አይመስለኝም።

በዓመቱ መጀመሪያ ለወላጆች የላኩትን ማሳሰቢያ ልጄ፣ የልጅቱ እናት፣ አንብባልኛለች። ልጆቹ የውጭውን ቋንቋ ቶሎ እንዲይዙ ቤት ውስጥ ሌላ እንዳይሰሙ፣ ከትምህርት በኋላ ትምህርት ቤቱ የሰጣቸው ታብሌት እንዲያስተምራቸው፣ ቋንቋውን የማይችሉ አያቶች ደግሞ ልጆቹን እንዳያደናግሩ በፊታቸው በተቻለ መጠን ዝም እንዲሉ በትሕትና ጠይቀዋል። ዝም አይነቅዝም ብዬ ተቀበልኩ። ልጄም፣ አባባ ለእሷ ብለህ ነው፣ እንደኔ የሰው አንሶላ ስታጥብ እንድትኖር ትፈልጋለህ ወይ ብላ ለመነችኝ፤ እናት እንዲህ ስትል ምን ይመለሳል?

አሁን ግን ምስጋናው ስለተጠራቀመብኝ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ጸጥታው አመሰግናለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ በጥሩምባና በተሳፋሪ ጭቅጭቅ መሃል ኖሬ፣ በስተርጅና እንዲህ ያለ ሰላም አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ከትምህርት ቤት እስከ ቤት እጅ ለእጅ ተያይዘን እንደ ተኳረፉ ጎረቤታሞች እንሄዳለን። ቀድሞ መንገዱ አይበቃንም ነበር፤ ያ ውሻ ለምን ያነክሳል፣ ጫማ ጠጋኙ ጥርሱን የት አደረገው፣ አንተ ስትሞት መነጽርህን ማን ይወስዳል ትለኝ ነበር። እሳት የላሰች ልጅ ነበረች። አሁንም ናት ይላሉ፤ እኔ በምን አውቃለሁ?

ሁለተኛ፣ ስለ ቋንቋዋ። እውነቱን ለመናገር ቀለሙን፣ እንስሳውን፣ ፍራፍሬውን ታንበለብለዋለች፤ እንግዳ ሲመጣ እናቷ ታስወራታለች፣ እንግዳውም ያጨበጭባል። ባለፈው ሳምንት ግን ጆሮዋን ታመመች። እያለቀሰች ደጋግማ የምትለኝ አልገባኝም፤ አፏን በፈታችበት ቋንቋ እንድትነግረኝ ብለምናት ቃሉ ጠፋባት። ራሷን ስለያዘች ራስ ምታት መስሎኝ አስተኛኋት። ቋንቋውን ጥቂት ጥቂት የምትሰማው እናቷ እስክትመጣ ድረስ መግሉ ትራሱን አርሶት ነበር። ሐኪሙ ለምን ዘገያችሁ ብሎ ሲቆጣ፣ አስተርጓሚ ስንጠብቅ ነው ማለቱ አሳፈረኝና ዝም አልኩ። መቼም ለምጄዋለሁ።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ከትናንት በስቲያ መብራት ጠፍቶ የታብሌቱ ባትሪ አለቀ። ልጅቱ አኮረፈች፣ አለቀሰች፤ እኔም ማን ይሰማኛል ብዬ፣ ድሮ ስትወደው የነበረውን የሰነፉን ዝንጀሮ ተረት ጀመርኩላት። ለቅሶዋን ተወች። ተነሥታ መጥታ ጭኔ ላይ ወጣች። እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግርዎትም። ከዚያ መምህርቷ እንደምታደርገው ጣቷን ከንፈሬ ላይ አድርጋ እሽሽ አለችኝ። ተቆጥታ አልነበረም፤ እንደ ሰነፍ ተማሪ አዝናልኝ ነው።

የተከበሩ ርእሰ መምህር፣ ትእዛዙን ያንሱልኝ ብዬ አልለምንዎትም። ቢያነሱትስ ምን እነግራታለሁ? ከእንግዲህ የምናገረውን የምትሰማ ልጅ ያለችኝ አይመስለኝም፤ እናቷም ልጇ ከአንሶላ አጣቢነት እስክትድን ድረስ እኔን መስማት አትፈልግም፣ አልፈርድባትም። እርስዎ ብቻ በርቱልን፤ ያልተዘጋ የሽማግሌ አፍ በየቤቱ ጥቂት ሳይቀር አይቀርም።

ጉልበቴ በፈቀደልኝ መጠን ከወንበሬ ብድግ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

ከተማሪዎችዎ ሁሉ ይልቅ ትእዛዝ አክባሪው አያት

ደብዳቤውን ካሸግኩ በኋላ ከፍቼ የጨመርኩት፦ ዛሬ ታብሌቱ ስለ ቤተሰብ አስተማራት። እናትን፣ አባትን፣ ወንድምን አልፎ አያት ላይ ሲደርስ፣ ጺሙ የነጣ ሽማግሌ ብቅ ብሎ በውጭው ቋንቋ ሰላም አላት። እሷም ሰላምታውን መለሰችለትና ጎንበስ ብላ የታብሌቱን መስታወት ሳመችው። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር።