መስኮቶቻቸውን በደቦ ያሳደሱት መምህር ያረጋል ገነነ

መምህር ያረጋል ከአባታቸው ከአቶ ገነነ ቢሆነኝና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልጣሽ እጅጉ በ1962 ዓ.ም. ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን ፍኖተ ሰላም ተምረው፣ ባሕር ዳር ሒሳብ አጥንተው ሲመረቁ ቡሬ መምህር ሆኑ። በ1990 ዓ.ም. ከወይዘሮ አምለሰት መልካሙ ጋር በተክሊል ተጋብተው ማርያማዊትንና ቴዎድሮስን ወልደዋል። ኮምፒውተር ቡሬ ሲገባም ከተማሪዎቻቸው ጋር አብረው ተቀምጠው ተማሩ።

በ2007 ዓ.ም. ለገበሬዎች ማኅበር የበቆሎ ዘር ማከፋፈያ ፕሮግራም፣ ጃቫ በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ጻፉ። ገበሬው ስሙን ሲናገር ኮምፒውተሩ ላይ መስኮት ይከፈትና የሚደርሰው ዘር ይታያል፤ ሰልፉም ቀለለ። በ2011 ዓ.ም. ግን አዲሱ የጃቫ እትም እነዚያ መስኮቶች የተሠሩበትን የቀድሞ መሣሪያ ከውስጡ አወጣው። ፕሮግራሙ በአዲስ ኮምፒውተር አልከፈት አለ። መምህር ያረጋል እልኸኛ ነበሩና፣ መስኮቶቹን እንደገና ከመሥራት ይልቅ አሮጌውን ኮምፒውተር ጋቢ አልብሰው ያዙት። ከእሳቸው በቀር የሚነካው አልነበረም፤ በተበላሸ ቁጥር ከክርስትና ድግስ መሃል እንኳ ተደውሎ ይጠራሉ። ወይዘሮ አምለሰት ኮምፒውተሩን “ጣውንቴ” ይሉት ነበር።

በ2013 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ሲጸናባቸው ጭንቅ መጣ። እሳቸው ካለፉ ፕሮግራሙም አብሯቸው መቀበሩ ነው፤ ገበሬውም ወደ ቀድሞው ሰልፍ ሊመለስ ነው። ከሕመሙ ይልቅ ይህ እንቅልፍ ነሳቸው። ወይዘሮ አምለሰት፣ አዝመራ የደረሰበት ሰው ደቦ ይጠራል እንጂ ብቻውን ሲታገል አይሞትም ብለው ተቆጧቸው። እሳቸውም እሺ አሉ። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ከፍኖተ ሰላም፣ ከፈረስ ቤትም ሳይቀር መጡ። ጠላ ተጠመቀ፤ እያንዳንዱ አንድ አንድ መስኮት ወስዶ በአዲስ መሣሪያ ሠራ። መምህር አልጋቸው ላይ ሆነው ያርሙ ነበር፤ እርማታቸው እንደ ክፍል ውስጥ ሁሉ ምሕረት አያውቅም። ቤቱ ግን እንደዚያ ሰሞን ስቆ አያውቅም።

በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በታደሰው ፕሮግራም መጀመሪያ ዘር የሚታደልበት ዕለት ስልካቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። ማንም አልደወለም። ኔትወርክ ጠፍቶ ይሆናል ብለው ማርያማዊትን ወደ መጋዘኑ ላኳት፤ ሥራው አልቆ ሰዉ ሁሉ ዘሩን ይዞ እንደ ገባ ነገረቻቸው። “ተመስገን፣ አላስፈለግኋቸውም” ብለው እንደ ልጅ ደስ አላቸው።

መምህር ያረጋል በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 9 ቀን 2014 ዓ.ም. በ52 ዓመታቸው ዐረፉ። እናታቸው፣ ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ይህን የጻፈችው ታናሽ እህታቸው እህተ ማርያም ቀርተናል። ለማኅበሩ አላስፈለጉም ይሆናል፤ እኛ ግን ገና እንፈልጋቸው ነበር። አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ አሜን።